የጋሽ አስማረ መዘውር እና የእኔ አልጋ

ጋሽ አስማረ ማረፋቸውን የሰማሁት አልጋዬ ላይ ሆኜ ነው። ጠዋት ነበር። ፀሐይ ወጥታ፣ ሰው ሁሉ ወደየሥራው ሄዶ፣ እኔ ግን ጉልበቴን ሰበብ አድርጌ ገና አልተነሣሁም። ስልኬ ጮኸ። ልጃቸው ጽዳለ ናት፣ ከአዲስ አበባ።

«ጋሽ አያሌው፣ አባዬ ማለዳ ላይ አረፈ» አለችኝ። «ይዘነው እንመጣለን። ደብረ ማርቆስ ቅበሩኝ ብሎ ነበር።»

ደንግጬ ተገላበጥሁ። አልጋዬ ድምፅ አላሰማም። ድሮ ቢሆን ሦስተኛ ቤት ድረስ የሚሰማ ሲጥታ ነበረው፤ ጎረቤቶቼ መነሣቴን የሚያውቁት በእሱ ነበር። አሁን ጸጥ ብሏል። ለምን ጸጥ እንዳለ ጋሽ አስማረ አላወቁም፤ እኔ ግን አውቃለሁ። በሰባ አራት ዓመቱ ስለ አልጋው ሰው ፊት የሚያወራ ሽማግሌ ምን እንደሚባል ጠፍቶኝ አይደለም። ስለ እሳቸው ለመጻፍ ብነሣ ግን ሁሉም መንገድ ዞሮ ዞሮ እዚያ አልጋ ሥር ይወስደኛል።

ጋሽ አስማረ ወጣትነታቸውን በቀይ ባሕር ላይ በመርከብ መካኒክነት የጨረሱ የጎጃም ሰው ነበሩ። መንግሥት ሲለወጥ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ይዘው የመጡት ሁለት ሸሚዝ፣ አንድ ረጅም ዘንግና በፎጣ የተጠቀለለች አንዲት መዘውር ነው። መዘውር የምለው ዘንጉ ላይ ታስራ የዓሣ ማጥመጃውን ክር የምትጠቀልለውን፣ እጀታዋ ሲዞር ክሩን የምትሰበስበውን ዕቃ ነው። ማዕበል ዳር ቆመው ክሩን ሩቅ ለመወርወር የተሠራች ከባድ የባሕር ዕቃ ናት። የሰፈራችን ሰው «የጋሽ አስማረ ወፍጮ» ይላት ነበር።

መጀመሪያ ይዘዋት የወረዱት ጨሞጋ ነው። ጨሞጋ በበጋ ሱሪ ጠቅልለው የሚሻገሩት ወንዝ ነው። ጋሽ አስማረ እንደ ባሕር ዳር ልማዳቸው ዘንጉን ከትከሻቸው በላይ አዙረው ሲለቁት፣ ክሩ ጫፍ ላይ ለክብደት የታሰረው እርሳስ ወንዙን አልፎ፣ ማዶ ያለውን መስክ አልፎ፣ የሰው ጤፍ ውስጥ ገባ። ባለ ማሳው ብቅ አለና «ጌታው፣ እህሌን ነው የሚያጠምዱት?» አላቸው። እሳቸውም ሳይስቁ «ካልነከሰ እተወዋለሁ» አሉት። ከዚያ ወዲህ መዘውሯ የአባይ ሆነች። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ደጀን ድረስ በመኪና ሄደው፣ በረሃውን ቁልቁል ወርደው፣ አሸዋው ላይ ይቆማሉ። እኔም ምሳ ተሸካሚና ወሬ አቀባይ ሆኜ እከተላለሁ። ከመዝገብ ቤት ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ከዚህ የተሻለ ሹመት አላገኘሁም።

ሲመለሱ መጀመሪያ የሚታጠበው የእሳቸው እግር አይደለም፣ መዘውሯ ናት። ከጓሯቸው አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። እዚያ ላይ ይቀመጡና ፍሬኗን ጠበቅ ያደርጋሉ፣ ውሃ ወደ ውስጥ እንዳይገባ። ፍሬን የሚሏት፣ ትልቅ ዓሣ ሲጎትት ክሩን እየያዘች ቀስ እያለች የምትለቀውን ክፍል ነው። ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ በጣሳ ቀስ አድርገው ያፈሱባታል። በጨርቅ ያደርቋታል፤ ጥላ ውስጥ ያስቀምጧታል። ስትደርቅ ፍሬኗን መልሰው ያላሏታል። «ተጨንቃ አትደር» ይላሉ፣ ስለ ሰው የሚያወሩ ይመስል።

አንድ ቀን «ጋሼ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ጨው ያለው ወጥ ውስጥ ነው። ምኑን ነው የሚያጥቡት?» አልኋቸው።

«ልማዴን ነው የማጥበው» አሉ ቀና ሳይሉ። «ዛሬ ጨው የለም ብዬ ብተው፣ ነገ አሸዋ የለም እላለሁ፤ ከነገ ወዲያ እንዳንተ ጫማ ትሆናለች።»

ጫማዬን አየሁት። እውነታቸውን ነው።

አንድ ጊዜ እኔም ሰው ልሁን ብዬ የራሴን መዘውር ልገዛ ተነሣሁ። ከአዲስ አበባ ዕቃ የሚያመጣ ነጋዴ ሱቁ ውስጥ አንዲት እንደ ሙሽራ የምታብረቀርቅ ሰቅሏል። ጋሽ አስማረን ይዤ ሄድሁ። ነጋዴው «አባባ፣ ይቺ ውስጧ አሥር ኩሽኔታ አላት» ብሎ ጀመረ።

«አሥር መጥፎ ኩሽኔታ ከሦስት ጥሩ ይበልጣል ያለህ ማነው?» አሉና ተቀበሉት። ዓይናቸውን ጨፈኑ። እጀታዋን በዝግታ እያዞሩ ጆሯቸውን አስጠጉ። ቀጥለው ገላዋን በአውራ ጣታቸው ጫን ሲሉት እጥፍ አለ። «ፕላስቲክ ነው፣ ቀለም የተቀባ። ትልቅ ዓሣ ሲመጣ ይጣመምና ጥርስ ከጥርስ ይስታል።» እጀታዋን ወዘወዙት፣ ተንገጫገጨ። ከጋቢያቸው ጫፍ አንድ ክር መዘው የማጥመጃው ክር የሚጠመጠምበትን ክብ ጠርዝ፣ ከንፈሯን፣ ዙሪያውን አስኬዱት፤ አንድ ቦታ ላይ ያዘ። «እዚህ ጋ ሻካራ ነው፤ ክርህን ይበላዋል።» በመጨረሻ ፍሬኗን ላላ አድርገው ክሯን ሳቡ። ነጠቅ፣ ቆም፣ ነጠቅ አለች።

«ፍሬን ሲጀምር መንጠቅ የለበትም» አሉኝ። «እንደ ጥሩ አማች ነው፤ ሲጎትቱት ይመጣል፣ ግን አይወድቅም።» ዕቃዋን ለነጋዴው መለሱና «ይቺ ለፎቶ ጥሩ ናት» አሉት። እኔም ሳልገዛ ወጣሁ። ፎቶ ላይም ቢሆን ለእኔ አትመጥንም ነበር፤ እሷ ታምር ነበር።

ኋላ ዓይናቸው ደከመ። የዓይን ሞራ ነው። ጽዳለ አዲስ አበባ ታሳክማቸው ዘንድ ለመነቻቸው፤ እሺ አሉ። ግን ልጅቱ የምትለምነው ሌላም ነገር ነበር። እናቷ ከሞተች ወዲህ ብቻቸውን መኖራቸው እንቅልፍ ነሥቷታል። እሷ ጋ ጠቅልለው እንዲገቡ ትፈልጋለች። እሳቸው ደግሞ ከቤታቸው፣ ከዚያች ድንጋይና ከጓሯቸው መውጣት ሞት ነው የሚመስላቸው። እኔ ፊት ተከራከሩና በመጨረሻ ውርርድ ገቡ።

«ዓይኔ ሲድን አባይ እወርዳለሁ» አሉ። «ባለ ቅርፊት፣ የሚበላ፣ ደህና ዓሣ ካወጣሁ ደግመሽ ይህን ነገር አታነሺብኝም። ካላወጣሁ አንቺ እንዳልሽ፣ አልጋዬን ትቼ እከተልሻለሁ።»

«ዳኛው ማነው?» አለች ጽዳለ እየሳቀች።

«አያሌው አለ አይደል! ሌላ ምን ሥራ አለው?»

እንዲህ ሆኜ ዳኛ ተባልሁ።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ሄዱ። መዘውሯን በፎጣዋ ጠቅልለው፣ ከአንዲት የዓይን ጠብታ ብልቃጥ ጋር ሰጡኝ። ብልቃጧ ውስጥ የስፌት መኪና ዘይት ሞልተውባታል፤ ልብስ ሰፊው ከሚሸጠው፣ እንደ ውሃ ከጠራው።

«በሳምንት አንድ ቀን እጀታዋን ሃያ ጊዜ አዙርላት» አሉኝ። «ክሩ የሚያልፍባት ትንሿ መንኮራኩር ላይ አንድ ጠብታ። ፍሬኑን እንዳትነካ። ስንት ጠብታ አልሁ?»

«አንድ።»

«ድገም።»

«አንድ፣ ጋሼ! ልጅ ነኝ እንዴ?»

«ልጅ ብትሆንማ ባልደገምሁት።»

በመጀመሪያው ቀን ትእዛዙን ፈጸምሁ። አንዲት ጠብታ። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ነበርና ስነሣ ሲጥ አለ። ብልቃጧ በእጄ ናት። አንዲት ጠብታ ለአልጋውም ምን አለበት አልሁ። አንዱ መጋጠሚያ ዝም ሲል ሌላው ተሰማኝ። ከዚያም ሌላው። ሆዴ መሬት ነክቶ፣ ሸረሪት ድር ፀጉሬ ላይ ተጠምጥሞ፣ እንደ መርከብ መካኒክ ከአልጋው ሥር ተጋድሜ ስወጣ አልጋው ድዳ ሆኗል፤ ብልቃጧም ባዶ ሆናለች። ኩራቴን ብታዩት! ምስክር አጣሁ እንጂ ባገኝ አልጋው ላይ አገላብጠው ነበር።

በሳምንቱ መዘውሯን ሳወጣ ዘይት የለም። የልብስ ሰፊው ሱቅ ከደጄ መቶ እርምጃ ነው። መቶ እርምጃ ሰነፍሁ። ወጥ ቤት ገባሁ፤ ጾም ነውና የኑግ ዘይት ጠርሙሱን ሞልቷል። የጾም ዓሣ የምታወጣ ዕቃ የጾም ዘይት ቢነካት ምን ትሆናለች አልሁና በራሴ ቀልድ ሣቅሁ። ከንፈሯን፣ መንኮራኩሯን ቀባኋት። ደረቅ መሰለኝና የፍሬኗን ክዳን ከፍቼ እዚያም ውስጥ አፈሰስሁ፤ እንደ ወጥ ሠሪ፣ በልግስና። በየሳምንቱ እንዲያ አደረግሁ። ኑግ መጥበሻ ጠርዝ ላይ ሲሰነብት ሙጫ እንደሚሆን ባለቤቴ በሕይወት ብትኖር ትነግረኝ ነበር።

እዚህ ድረስ ያለው ስንፍና ነው። ለሚቀጥለው ስም ለመስጠት ዐቅሙ የለኝም። ባዶዋን ብልቃጥ ሲያዩ ይጠይቁኛል ብዬ፣ እሷንም ኑግ ሞላኋት። ቢጫ ሆነች። የዓይን ሕመምተኛ ናቸው፣ አይለዩትም ብዬ አሰብሁ። ይህን በቃሌ አልተናገርሁትም፤ ግን አስቤዋለሁ።

የደብረ ዘይት በዓል ሰሞን ጥቁር መነጽር አድርገው፣ ከጽዳለ ጋር ተመለሱ። ሩቁን አጥርተው ያያሉ፤ በመንገድ ያዩትን ዛፍ ሁሉ ይቆጥሩልኛል። የቅርብ መነጽራቸው ግን ገና አልደረሰም። መዘውሯን ተቀብለው ጆሯቸው ላይ አድርገው አዞሯት።

«ከበድ ብላለች» አሉ።

«ጾሙ ይሆናል» አልሁ።

ሣቁ። ደግመው አዞሯት። «እንደ ድሮዬ ቢሆን ፈትቼ ባየኋት፤ አሁን ብሎኗ አይታየኝም። ወይስ እጄ ነው የከበደው? ጠብቀሃታል አይደል፣ አያሌው?»

«እንደ ዓይኔ ብሌን!» አልሁ፤ ከሕክምና ለተመለሰ ሰው።

ብልቃጧን ጠየቁኝና ሰጠኋቸው። በጣታቸው ዳስሰው ቦታዋን አገኙ፤ መንኮራኩሯ ላይ በገዛ እጃቸው አንዲት ጠብታ አንጠበጠቡ። አንዲት ብቻ። ቆሜ አየሁ።

በተመለሱ በሦስተኛው ቀን ሦስታችን አባይ ወረድን። በረሃው ይጋግራል። እሳቸው ግን እንደ ጎረምሳ ቀድመውን አሸዋው ላይ ቆሙ። ዘንጉን አዞሩና ለቀቁት። እርሳሱ ሩቅ፣ ውሃው መካከል ሲወድቅ «አየሁት!» ብለው ጮኹ። «ጽዳለ፣ ሲገባ አየሁት! ሦስት ዓመት ሙሉ በጆሮዬ ነበር የማውቀው!» እሷም በነጠላዋ ፊቷን እየጠረገች ሣቀች። ያን ሰዓት ልጅቱ ራሷ መሸነፏን የወደደችው መሰለኝ።

መጀመሪያ አንድ አምባዛ መጣ፣ ትንሽ። ቅርፊት ስለሌለው አንበላውም፤ መልሰው ለቀቁት። ከቀትር በኋላ ዘንጉ በአንዴ ጎበጠ። ጋሽ አስማረ እግራቸውን ተከሉ። ትልቅ ነው። አንዴ ውሃው ላይ ተገልብጦ ነጭ ሆዱን፣ እንደ ገንዘብ የሚያብረቀርቅ ቅርፊቱን አሳየን። ከዚያ ወደ መካከል ሮጠ።

ሌላ ጊዜ ትልቅ ዓሣ ሲሮጥ ያቺ መዘውር ትዘምር ነበር። ፍሬኗ ክሩን እየለቀቀ እንደ ፌንጣ ዜማ ታሰማለች። እኔ ድምፁን ጠበቅሁ። ዝም አለች። ክሩ ተወጠረ፣ ተወጠረ፣ ከዚያ እንደ ጅራፍ ጮኾ ተበጠሰ። ዘንጉ ቀና አለ። ጋሽ አስማረ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተንገዳገዱና ቆሙ።

ብዙ ጊዜ ውሃውን አላዩም። እጃቸውን ነው ያዩት። ቀኝ እጃቸውን ገልብጠው፣ አውራ ጣታቸውን ከሌባ ጣታቸው ጋር እያሻሹ።

«አጥብቄዋለሁ» አሉ። «ፍሬኑን አጥብቄዋለሁ። ልኩ ጠፍቶኛል።»

«አባዬ፣ ክሩ አርጅቶ ይሆናል» አለች ጽዳለ። «ሌላ አስረን እንሞክር። አንድ ዓሣ ነው።»

«ክሩን የቀየርሁት አምና ነው። ዓይኔ ዳነ እጄ ሄደ፤ ያው ነው።» ወደ እኔ ዞሩ። «ውል ውል ነው። ዳኛው ይፍረድ።»

ሁለቱም አዩኝ። ጽዳለ በዓይኗ የምትለምነኝ ይመስል ነበር። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። «ኑግ» ብል ይበቃ ነበር። ነገር ግን የእሳቸው ምላስ ትዝ አለኝ። ጠላ ቤት ተቀምጠው ይህን ሲያወሩት፣ ሰው ሁሉ «ኑጉ አያሌው» እያለ እስከ መቃብሬ ሲሸኘኝ ታየኝ። በራሴ ላይ ስቀልድ የኖርሁት ሌላ ሰው ቀድሞ እንዳይስቅብኝ መሆኑን ያወቅሁት ያን ቀን፣ እዚያ አሸዋ ላይ ነው።

«ዓሣው አልወጣም» ብዬ ፈረድሁ።

በሳምንቱ ቤታቸውን ዘጉ። መኪናው ላይ ከመውጣታቸው በፊት ፎጣዋን አስታቀፉኝ። «እጅህ ከእጄ ይሻላል» አሉኝ። ተቀበልሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝም አልሁ።

እቤት ወስጄ ፈታኋት። ፍሬኗ ውስጥ ያሉት ክብ ክብ ንጣፎች እርስ በርሳቸው በቢጫ ሙጫ ተጣብቀዋል። በቢላ ጫፍ ነው ያላቀቅኋቸው። በነጭ ጋዝ፣ በጥርስ ብሩሽ፣ ቀናት ፈጀሁ። ጥርሶቿን በግራሶ ለወስሁ። ሁሉም ዳነ። ከዚያ በኋላ ስልክ ሲደወል ሁሉ እነግራቸዋለሁ እላለሁ። «አራተኛ ፎቅ ነው ያለሁት፤ ከመስኮቱ ሌላ መስኮት ይታያል» ይሉኛል። «ታጥባታለህ?» ይሉኛል። «አጥባታለሁ» እላለሁ። «ጎሽ» ይላሉ። ያ ጎሽ የሚሉት ነገር አፌን ይዘጋዋል። እንዲህ ዓመት አለፈ፣ ሌላም ተጨመረ፤ ስልኩ ጽዳለ ሆኖ እስኪመጣ ድረስ።

ተቀበሩ። በሦስተኛው ቀን ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሰው የእሳቸውን ነገር እያነሣ ይሥቃል፤ የጤፉ ማሳ ነገር ሳይቀር ተነሣ። ጽዳለ ግን አጠገቤ ተቀምጣ ሌላ ነገር ነገረችኝ።

«አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ ጢሙን ራሱ ተላጭቶ አያውቅም፤ እኔ ነበርሁ የምላጨው። ሻይ ስሰጠው ግማሽ አድርጊው ይላል። ሰዓቱን መሙላት ተወ። እጄ ልኩን ረስቷል፣ እሰብረዋለሁ ይላል። ሐኪሙ እጅዎ ምንም የለውም ቢለው እንኳ አላመነም።»

ከዚህ በኋላ መቀመጥ አልቻልሁም። እቤቴ ሄጄ መዘውሯን አመጣሁና ጽዳለን ወደ ጓሮ ጠራኋት። እዚያ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ሁሉንም ነገርኋት፤ አልጋውን፣ መቶውን እርምጃ፣ ኑጉን፣ ብልቃጧን። አንድ ቀልድ ቢጤ አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ ዋጥሁት። እንባ አልተናነቀኝም፤ እሱም አፈረ መሰለኝ።

መዘውሯን ከነፎጣዋ ከእጄ ተቀብላ ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«አባይ ዳር ነግረውት ቢሆን» አለች በመጨረሻ፣ «ይሥቅ ነበር። ሳምንት ሙሉ ይሰድብዎ ነበር። ከዚያ ፈትቶ አጥቦ እንደገና ይወርድ ነበር። እኔም ይሄን ጊዜ እዚህ መጥቼ የምጠይቀው አባት ይኖረኝ ነበር።»

«አዎ» አልሁ።

ፎጣውን ፈታች። ክሩን በሁለት ጣቷ ሳበችው፤ ፍሬኗ ዘመረች፣ ያ የፌንጣ ዜማ። ጽዳለ ዓይኗን ጨፈነች። መዘውሯን ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ አንገቷን ልክ እንደ አባቷ ዘንበል አድርጋ፣ እጀታዋን በዝግታ አዞረች። ይህን እንደምታውቅ አላውቅም ነበር።

«ትንሿ መንኮራኩር ደርቃለች» አለች። «ለምን ዘይት አልነኳትም?»

«ፈራሁ። ከዚያ ወዲህ ዘይት በእጄ መያዝ እፈራለሁ።»

መልሳ ጠቀለለቻትና ዘረጋችልኝ። ትወስዳታለች ብዬ ነበር፤ እንድትወስዳትም ፈልጌ ነበር።

«አንድ ጠብታ ነው ያለዎት» አለች። «ይዘዋት ይሂዱ። ልብስ ሰፊው ቅርብ ነው፣ መቶ እርምጃ ነው አላሉኝም?»

ተነሥታ ወደ ድንኳኑ ገባች። እኔም ወደ ቤቴ ሄድሁ፤ ከደጄ ጀምሬ፣ ፎጣዋን ታቅፌ፣ እያንዳንዷን እርምጃ እየቆጠርሁ እስከ ልብስ ሰፊው ደጃፍ ተጓዝሁ።

መቶ አልሞላም። ሰማንያ ሁለት ነው።